ጉንፋኑ ሊሄድ ሲል የደረሰ እንክብል

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እባክዎ አንቱ አይበሉኝ፤ ገና ሠላሳ አልሞላኝም። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ጉንፋን ከእኔ ተለይቶ አያውቅም፤ አንዱ ሳይለቀኝ ሌላው ይተካል። ባለፈው ወር እንደ ልማዱ ጣለኝ። በሦስተኛው ቀን አብራኝ የምትሠራ ልጅ ፕሮባዮቲክ የሚባል እንክብል ሰጠችኝ፤ ‹ለጉንፋን ፍቱን ነው› ብላ። ጠዋትና ማታ ዋጥኩት። መዋጥ በጀመርኩ በአምስተኛው ቀን ለቀቀኝ። አሁን በቋሚነት ልወስደው አስቤያለሁ። የአራት ዓመት ልጄም አፍንጫው ደርቆ አያውቅም፤ ለእሱስ ልስጠው? ባለቤቴ ‹ሰው ባክቴሪያ ገዝቶ ይውጣል?› እያለ ይስቅብኛል። በነገራችን ላይ እናቴ ኬሞ ላይ ናት። አቅሟ በጣም ስለደከመ ለእሷም አንድ ብልቃጥ ልገዛላት ነው። ምን ይሉኛል?»

ንፍጥ ያሰለቻት መምህርት

እህቴ፣ አንቱታው ይቅር ካልሽ ይቅር።

ደብዳቤሽን ከጭራው ነው የምይዘው። «በነገራችን ላይ» ብለሽ ያለፍሽው ነገር ከሁሉም የሚከብደው ነው። ለእናትሽ ያሰብሽውን ብልቃጥ አትግዢ። ገዝተሽው ከሆነም የካንሰር ሐኪሟ ስሙን አይቶ እሺ ሳይል አንዲት ፍሬ እንዳትሰጫት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፕሮባዮቲክ ማለት በሕይወት ያለ ተሕዋስ ነው። አብዛኛው ባክቴሪያ ነው፣ አንዳንዱ እርሾ ነው። ጤነኛ ሰው ሲውጠው አንጀቱ ውስጥ ትንሽ ይሰነብትና ይወጣል። የአንጀት ግድግዳ አጥር ሆኖ ይይዘዋል፤ ከአጥሩ ጀርባ ደግሞ ነጭ የደም ሴሎች ዘብ ቆመዋል። ኬሞ ሁለቱንም ይነካል። ኬሞ የሚመታው ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎችን ነው። ካንሰሩን ሲመታ የአንጀቱን ሽፋንም ያሳሳል፣ ነጭ የደም ሴሎችንም ያመናምናል። ያኔ ለሌላው ሰው ምንም የማይሆነው ባክቴሪያ ሾልኮ ደም ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለእናትሽ መድኃኒት የሚገባበት ቱቦ በቋሚነት ተተክሎላት ከሆነ ጥንቃቄው ይብሳል። በተለይ እርሾ ያለበት እንክብል ሲከፈት ዱቄቱ ይበናል፤ እጅ ላይ ያርፋል፣ ከእጅ ወደ ቱቦው ይሻገራል።

በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው ብዬ ላስፈራራሽ አልፈልግም። ብዙ ጊዜ አይደርስም። ግን ደርሶ ያውቃል። በ2008 የሆላንድ ሐኪሞች አንድ ጥናት አወጡ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከባድ የቆሽት ብግነት ለሚያሰጋቸው ሕሙማን ፕሮባዮቲክ ሰጥተው ነበር፤ ኢንፌክሽን ይከላከልላቸዋል ብለው። ባዶ ዱቄት ከተሰጣቸው ውስጥ 6 በመቶው ሞቱ። ፕሮባዮቲክ ከተሰጣቸው 16 በመቶው። ማንም ይህን አልጠበቀም። በ2023 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ ላከ። ያለ ጊዜው የተወለደ አንድ ሕፃን ፕሮባዮቲክ ተሰጥቶት፣ ያው ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ ተገኝቶ ሞቶ ነበር። እናትሽ ቆሽቷን አልታመመችም፣ ጨቅላም አይደለችም። ነገር ግን «ከእርጎ የመጣ ነገር ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚባለው አባባል ለሁሉም ሰው እንደማይሠራ ከዚህ ይገባሻል።

አሁን ወደ አንቺ ጉንፋን።

እስቲ ቀኖቹን አብረን እንቁጠራቸው። በመጀመሪያው ቀን ጉሮሮሽን ይከረክርሻል። ታስነጥሻለሽ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን የጉንፋን ጣሪያ ናቸው፤ አፍንጫ እንደ ተበላሸ ቧንቧ ይንጠባጠባል፣ ራስ ይከብዳል፣ ሰው ያስጠላል። ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ንፍጡ ይወፍራል፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይሆናል። (እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጥና አንቲባዮቲክ ፍለጋ ይሮጣል። ቀለሙ የሚለወጠው ነጭ የደም ሴሎችሽ ሥራ ላይ ስለሆኑ ነው።) ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ባለው ጊዜ አብዛኛው ሰው ድኖ ይነሳል፤ ሳል ብቻ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊጎተት ይችላል።

አንቺ እንክብሉን የጀመርሽው በሦስተኛው ቀን ነው። ከዚያ አምስት ቁጠሪ። ሰባተኛው ቀን ላይ ነሽ። ጉንፋኑ የሄደው በራሱ ሰዓት ነው።

ሰው መድኃኒት የሚፈልገው ሲብስበት ነው። ከባሰው ቀን ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ የሚሻለው ቀን ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን አፍ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ይመሰገናል። እኔ ዓመታት የመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ኋላ ቆሜያለሁ። «ያ የሰጠኸኝ ነገር ተአምር ነው!» እያሉ የተመለሱ ሰዎች ስንት ነበሩ። የሰጠኋቸው ብዙ ጊዜ የጉሮሮ ከረሜላ ነው። ምስጋናውን ተቀብያለሁ፣ አልዋሽሽም።

የባለቤትሽ ነገር። ይሳቅ፣ ግን እሱም በየቀኑ ባክቴሪያ እየዋጠ ነው። ሆዱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ቁጥር ከገዛ አካሉ ሴሎች ቁጥር ጋር ይቀራረባል። ባክቴሪያ ሁሉ ጠላት አይደለም የሚለውን ሐሳብ በሰው ሁሉ አፍ ያስገባው ኤሊ ሜችኒኮፍ ነው። ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረ ሳይንቲስት ነው። በ1908 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ነጭ የደም ሴሎች ጀርም እንደሚበሉ በማሳየቱ ነው። በእርጅናው ግን በእርጎ ፍቅር ወደቀ። የቡልጋሪያ ገበሬዎች ብዙ ዕድሜ የሚኖሩት እርጎ ስለሚጠጡ ነው ብሎ አመነ፣ እሱም በየቀኑ ይጠጣ ጀመር። በ71 ዓመቱ ሞተ። ለዘመኑ መጥፎ ዕድሜ አልነበረም፣ ግን ተአምርም አይባልም።

ባለቤትሽ መጠየቅ የነበረበት ሌላ ጥያቄ ነው። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ ከ200 የሚበልጡ ዓይነቶች አሉ፣ ዋናው ራይኖቫይረስ ይባላል። ቫይረሱ የሚቀመጠው አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ነው። እንክብሉ የሚሄደው ሆድ ውስጥ ነው። ታዲያ ሆድ ያለ ባክቴሪያ አፍንጫ ላለ ቫይረስ ምኑ ነው?

መልሱ ያን ያህል ሞኝነት አይደለም። የሰውነት የመከላከያ ሴሎች በብዛት የሰፈሩት አንጀት አካባቢ ነው። ከምግብ ጋር የሚገባው ሁሉ ባዕድ ስለሆነ እዚያ ጠንካራ ጥበቃ ያስፈልጋል። እነዚህ ሴሎች ከባክቴሪያ ጋር እየተነካኩ ወዳጅና ጠላት መለየት ይማራሉ። ከዚያ በደም ተጉዘው ሌላ ቦታ ይደርሳሉ፤ አፍንጫና ሳንባም ጭምር። ጥሩ ባክቴሪያ ሲጨመር ሴሎቹ ነቃ ይላሉ፣ ነቃ ያሉት ደግሞ ቫይረሱ ሲመጣ ቶሎ ይነሳሉ። ሐሳቡ ይሄ ነው። ያምራል። የሚያምር ሐሳብ ግን በሰው ላይ ካልተፈተነ ለእኔ ወሬ ነው።

ተፈትኗል ወይ? አዎ፣ ደጋግሞ። ኮክሬን የሚባል ዓለም አቀፍ ቡድን አለ። የተበታተኑ ጥናቶችን ሰብስቦ አንድ ላይ ይመዝናል። በ2022 ባወጣው ግምገማ 24 ጥናቶችን አይቷል፤ ሕፃናትም፣ ጎልማሶችም፣ አረጋውያንም አሉበት። ፕሮባዮቲክ የወሰዱት ሰዎች ቢያንስ አንድ ጊዜ የመታመም ዕድላቸው በ24 በመቶ ገደማ ቀንሷል። የታመሙትም ሕመማቸው በአማካይ አንድ ቀን ከምናምን አጥሯል። አንቲባዮቲክ የታዘዘላቸውም አንሰዋል።

«ይኸው! ይሠራል ማለት ነው» እንዳትይ፣ ቆይ። 24 በመቶ የሚለው ቁጥር ሲሰሙት ትልቅ ነው። መሬት እናውርደው። በአንድ ወቅት ከ100 ሰው 50ው ጉንፋን ይይዛቸዋል እንበል። ሁሉም ፕሮባዮቲክ ቢወስዱ 38ቱ ይያዛሉ። አሥራ ሁለት ሰው ተረፈ። ጥሩ ነው። ግን 38ቱ እየዋጡም ታመዋል፣ 50ዎቹ ደግሞ ባይውጡትም አይታመሙም ነበር። ከ100 ሰው 88ቱ ለወራት የዋጡት በከንቱ ነው። አንቺ ከየትኞቹ እንደሆንሽ አስቀድሞ የሚነግርሽ የለም።

ይህም ቁጥሩን ካመንነው ነው። ግምገማውን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው በጉንፋን ቁጥርም በቀን ማጠሩም ላይ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው ብለው ጽፈዋል። ጥናቶቹ እያንዳንዳቸው የተለያየ ባክቴሪያ፣ በተለያየ መጠን፣ ለተለያየ ሰው ነው የሰጡት፤ አንዱ በወተት፣ አንዱ በእንክብል፣ አንዱ በዱቄት። በዚህ መስክ ደግሞ አምራቹ ራሱ ከፍሎ የሚያሠራቸው ጥናቶች ብዙ ናቸው። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልሽ። ይኸው ቡድን በ2015 ሲመዝን ሕመሙ በ1.89 ቀን ያጥራል ብሎ ነበር። ጥናቶች ሲጨመሩ በ2022 ወደ 1.22 ወረደ። ማስረጃ እየበዛ ሲሄድ ጥቅሙ እየሳሳ ከመጣ እኔ ልቤ ይጠራጠራል።

ከሁሉም በላይ አንቺን የሚመለከተው ግን ይሄ ነው። በእነዚህ ጥናቶች ሰዎቹ እንክብሉን የጀመሩት ጤነኛ ሳሉ ነው። በየቀኑ፣ ለሳምንታትና ለወራት። ጉንፋን ጣለኝ ብሎ በሦስተኛው ቀን የጀመረ ሰው ላይ አይደለም የተፈተነው። አንቺ የወሰድሽበት መንገድ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ፕሮባዮቲክ ጥቅም ካለው እንኳን ያለው ቀደም ብሎ ነው። የያዘ ጉንፋን ያባርራል የሚል ሰው ካለ፣ ባልደረባሽም ብትሆን፣ በቅን ልቦና ተሳስታለች።

ሥራሽ መዋዕለ ሕፃናት ስለሆነ አንድ ጥናት ጠጋ ብለን እንየው። በ2001 የታተመ ነው፤ የተሠራው ሄልሲንኪ፣ ፊንላንድ ውስጥ። ከ1 እስከ 6 ዓመት የሆናቸው 571 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ናቸው። ክረምቱን ሙሉ፣ ሰባት ወር፣ ከምግባቸው ጋር ወተት ይጠጣሉ። ለግማሾቹ ወተቱ ውስጥ ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ ለግማሾቹ የለም። ማን የትኛውን እንደሚጠጣ ልጁም ወላጁም አያውቅም። ሰባት ወሩ ሲያልቅ ተቆጠረ። ባክቴሪያ የሌለበትን የጠጡት በሕመም ምክንያት በአማካይ 5.8 ቀን ቀርተዋል። ባክቴሪያ ያለበትን የጠጡት 4.9 ቀን። በሰባት ወር አንድ ቀን የማትሞላ ልዩነት ናት፤ የልጆቹ ዕድሜ ታስቦ ሲስተካከል ደግሞ እሷም ጠበበች። ልጁ ሲታመም ከሥራ የሚቀር ወላጅ አንድ ቀንም ቀን ነው ይላል፣ አልፈርድበትም። ግን ልጅሽ ይህን ወተት ቢጠጣ አፍንጫው ይደርቃል ብለሽ አትጠብቂ።

በአረጋውያን ላይ ደግሞ ውጤቱ ይባስ ቀዝቃዛ ነው። በ2020 በታተመ ጥናት፣ በብሪታንያ በእንክብካቤ ቤት የሚኖሩ 310 አዛውንቶች እስከ አንድ ዓመት ድረስ በየቀኑ ፕሮባዮቲክ ወይም ባዶ እንክብል ወሰዱ። አንቲባዮቲክ በወሰዱባቸው ቀናት ብዛት ልዩነት አልታየም።

ስለ ልጅሽ ቁርጥ ያለ መልስ ከፈለግሽ፦ ጤነኛ የአራት ዓመት ልጅ ቢወስደው ብዙም አይጎዳውም። ሆዱን ሊነፋው ይችላል፣ ጋዝ ይበዛበታል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ይለምደዋል። ግን ግዴታ የለብሽም። በዚህ ዕድሜ በዓመት ስድስት ስምንት ጊዜ ጉንፋን መያዝ ያለ ነገር ነው። መዋዕለ ሕፃናት የሚውል ልጅ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። አንዱ ጉንፋን አሥር ቀን ቢቆይ ስምንቱ ሰማንያ ቀን ነው፤ አብዛኛው ደግሞ በብርዱ ወራት ይከመራል። «ደርቆ አያውቅም» ያልሽው ከዚህ ነው። ልጁ አልታመመም፤ ከ200 ቫይረሶች ጋር አንድ በአንድ እየተዋወቀ ነው። አንቺም ከእሱና ከተማሪዎችሽ ጋር አብረሽ እየተዋወቅሽ ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ። ልስጠው ካልሽ የአዋቂ እንክብል እንዳትሰጪው፣ ያንቀዋል። ለልጅ ተብሎ የተዘጋጀ ዱቄት ወይም ጠብታ አለ። ትኩስ ነገር ውስጥም አትጨምሪው፤ ሙቀት ባክቴሪያውን ይገድለዋል፣ ከዚያ የሞተ ዱቄት ነው የምታጠጪው።

መቼም «እሺ፣ ግን ልሞክረው» ማለትሽ አይቀርም። ልብሽ ከቆረጠ እንግዲህ በወጉ ይሁን።

ብልቃጡን አዙሪና ጀርባውን አንብቢ። ፊት ላይ ያለው ጽሑፍ ማስታወቂያ ነው። ጀርባው ላይ የባክቴሪያው ስም በሦስት ደረጃ መጻፍ አለበት። ወገኑ፣ ዝርያው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ፊደል ወይም ቁጥር የሆነች የራሱ መለያ። ያቺ የመጨረሻዋ መለያ ናት ቁምነገሩ። ውሻ ሁሉ ውሻ ነው፤ በግ የሚጠብቀውና ጭን ላይ የሚያንቀላፋው ግን አንድ ሥራ አይሠሩም። ፊንላንድ ውስጥ የተፈተነው «ጂጂ» ነው። ያንቺ ብልቃጥ «ላክቶባሲለስ» ብቻ ብሎ ካቆመ፣ ስለ «ጂጂ» የተጻፈው ሁሉ ለእሱ ምስክር አይሆንም። ግራ እንዳይገባሽ፣ በ2020 ሳይንቲስቶች የላክቶባሲለስን ቤተሰብ በታትነው ብዙዎቹን አዲስ ስም አውጥተውላቸዋል። አንዱ ብልቃጥ «ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ»፣ ሌላው «ላክቲኬይዚባሲለስ ራምኖሰስ» ቢል ያው አንዱ ነው።

ቀጥሎ ቁጥሩ ነው። ሲኤፍዩ ይባላል፤ በሕይወት ኖሮ ሊራባ የሚችለው ስንት ነው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ በቢሊዮን ነው የሚጻፈው። «በተመረተበት ቀን» ከሚለው ይልቅ «እስከ መጠቀሚያው ማብቂያ ድረስ» የሚለውን ምረጪ። ባክቴሪያ መደርደሪያ ላይም ይሞታል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ለሙከራ ገዝቼ ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት፣ እንዳልረሳው ብዬ። ሁለት ወር በትጋት ዋጥኩ። አንድ ቀን መነጽሬን አድርጌ ሳነበው «ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ» ይላል። የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ ባይ! ባለቤቴ እስከዛሬ ታነሳብኛለች።

ጤነኛ በሆንሽበት ቀን ጀምሪ። በየቀኑ አንድ ጊዜ፣ ሦስት ወር። የጉንፋን ቀኖችሽን በማስታወሻ ጻፊ። ሦስት ወሩ ሲያልቅ ለውጥ ካላየሽ ተዪው። ለውጥ ካየሽም ዕድል ሊሆን እንደሚችል እወቂው፤ አንድ ሰው በራሱ ላይ የሚሠራው ፈተና ከዚያ በላይ አይናገርም። ሁለት ሁለት መዋጥ አያስፈልግሽም።

«እርጎስ?» ብለሽ ከሆነ፣ ሕያው ባክቴሪያ ያለበት እርጎ ጥሩ ምግብ ነው። ምግብ ነው፣ ብዪው። ከረጋ በኋላ በሙቀት የታከመ ከሆነ ግን ባክቴሪያው የለም። የጉንፋን መከላከያ ነው ብሎ የሚሸጥልሽ ካለ ደግሞ የዳኖንን ታሪክ አስታውሺው። በ2010 የአሜሪካው ዳኖን ኩባንያ ዳንአክቲቭ የሚባለው መጠጡ ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ ይከላከላል ማለቱን ለማቆም ከፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጋር ተስማማ። ለ39 ግዛቶችም 21 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። መጠጡ መርዝ ሆኖ አይደለም። ከማስረጃው በላይ ስለተናገረ ነው።

ፕሮባዮቲክን ጨርሶ እያጣጣልኩት እንዳይመስልሽ። አንቲባዮቲክ የሚያስከትለውን ተቅማጥ በመከላከል ከጉንፋኑ የተሻለ ማስረጃ አለው። ቦታው ሌላ ነው ለማለት ነው። ቫይታሚን ሲም ቢሆን ያው ነው፤ በየቀኑ የሚወስዱ አዋቂዎች ጉንፋናቸው 8 በመቶ ያህል ያጥራል፣ ከታመሙ በኋላ መጀመር ግን የረባ ጥቅም አልታየበትም።

እኔ ብሆን አልገዛውም። ገንዘቡን ትቼ እንቅልፌን ነበር የምጠብቀው። ይሄን ዝም ብዬ አይደለም። በ2015 የወጣ አንድ ጥናት አለ። 164 ጤነኛ ሰዎች ለአንድ ሳምንት አንጓቸው ላይ መሣሪያ አስረው እንቅልፋቸው ተለካ። ከዚያ ራይኖቫይረስ ያለበት ጠብታ አፍንጫቸው ውስጥ ተደረገና ሆቴል ውስጥ ተዘግቶባቸው ተጠበቁ። በሌሊት ከስድስት ሰዓት በታች የሚተኙት፣ ከሰባት ሰዓት በላይ ከሚተኙት ይልቅ ጉንፋን የመያዝ ዕድላቸው 4.2 እጥፍ ነበር። ቫይረሱ ለሁሉም እኩል ነው የተሰጠው። የአራት ዓመት ልጅ ላላት እናት «ተኚ» ማለት ቀልድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ባለቤትሽ ባክቴሪያሽ ላይ ከሚስቅ ሁለት ሌሊት ልጁን ቢይዝልሽ ከብልቃጡ በላይ ይጠቅምሽ ይሆናል።

እጅ መታጠቡን አንቺ ለልጆቹ የምታስተምሪው ነው፣ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ፦ ራይኖቫይረስ እጅ ላይና ዕቃ ላይ ለሰዓታት ይቆያል፣ የሚገባውም በአፍንጫና በዓይን ነው። የሕፃን ንፍጥ ጠርገሽ ዓይንሽን አትሺ። ጉንፋንሽ ትኩሳት ኖሮት የማያውቅ፣ አፍንጫና ዓይንሽን የሚያሳክክሽ፣ ንፍጡም ሁሌ እንደ ውኃ የቀጠነ ከሆነ ደግሞ ጉንፋን ሳይሆን አለርጂ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ይየው። አሥር ቀን አልፎት የማይሻል፣ ተሽሎ እንደገና የባሰ፣ ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥር ከሆነም አትዘግዪ።

ወደ እናትሽ ልመለስ። ከእንክብሉ ይልቅ ለእሷ የምታደርጊላት ሌላ ነገር አለ። ጉንፋን ሲይዝሽ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት፣ ከእሷ ራቅ በይ፤ መቅረብሽ ካልቀረ አፍንጫሽን በማስክ ሸፍኚ፣ እጅሽን ታጠቢ። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ማግኘት ከቻልሽ አንቺና ባለቤትሽ በመርፌ የሚሰጠውን ውሰዱ። ለእሷ የሚሆነውን ሐኪሟ ይወስን። የድካሟንም ነገር ንገሪው። ድካሙ ከደም ማነስ ከሆነ የሚደረግ ነገር አለ፣ ያንን ደግሞ እንክብል አያገኘውም። ቤት ውስጥ የሚሠራ ቴርሞሜትር ይኑር። ትኩሳቷ 38 ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ «እስኪነጋ እንየው» ሳትሉ ሐኪሟ ጋ ደውሉ። የትኩሳት ማስታገሻም ከመስጠታችሁ በፊት ይሁን፤ ትኩሳቱን ይሸፍነዋል።